ለታፔላ ሠሪው ዕድሜ ይስጠው

ሰሞኑን ወጣቶች «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራችንን ሊቀማን ነው» እያሉ ሲጨነቁ እሰማለሁ። እኔ አንድ ምክር አለኝ። ታፔላ ሥሩ። በዚህ አገር ገበያው የማይቀዘቅዝ ሙያ እሱ ነው።

እኛ እኮ ችግር ሲገጥመን አጉል አንታገልም። ስሙን እንቀይርለታለን። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያሉት አባቶቻችን አይፈረድባቸውም፤ ታፔላ አላዩም።

ትምህርቱን ተመልከቱ። በ2011 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው ሚኒስቴር ያስፈልጋቸዋል ተባለና ሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተወለደ። ማኅተም ተቀረጸለት። በ2014 ተመልሶ ትምህርት ሚኒስቴር ውስጥ ገባ። በ2011 ምህንድስና የጀመረ ልጅ ገና ሳይጨርስ ሚኒስቴሩ ቀድሞት ተመረቀ ማለት ነው።

የዚያኑ የ2014 ትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2። ሌላ አገር ቢሆን «ልጆቹ አሥራ ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ምን ሲማሩ ነበር?» እየተባባሉ ይጨቃጨቁ ነበር። እኛ ደግነቱ ቃል አላነሰንም። ከወደቁት ሻል ያሉት «ሪሚዲያል ገቡ» ተባለ፤ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ማለት ነው። ወላጅም ለጎረቤቱ ሲናገር አያፍርም። እንዲያውም የውጭ አገር ትምህርት ይመስላል።

ሥራ አጥም ድሮ ቀረ። አሁን ያለው «ሥራ ፈላጊ» ነው። እዩት እስቲ ልዩነቱን! አጥ ሲባል ተቀምጦ ይታያችኋል፤ ፈላጊ ሲባል እየተራመደ። ኪሱ ያው ነው፤ ጫማው ግን አልቋል።

ክልሎቻችንም ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ 9 ነበሩ፤ አሁን 12 ናቸው። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ የቀረው ደቡብ ደግሞ በ2015 ለሁለት። (ሕዝብ ድምፅ የሰጠበትን አልነካም፤ የኔ ጉዳይ ከታፔላው ጋር ነው።) ደቡብ ምዕራብ እንደሆነ መቀመጫው ቦንጋ ነው፣ ሚዛን አማን ነው፣ ቴፒም ነው፣ ተርጫም ነው። አንድ ክልል፣ አራት ከተማ። ታፔላ ሠሪ ከዚህ በላይ ምን ይመኛል?

ለጋዜጠኛ ግን ትንሽ ይከብዳል። አንድ ጊዜ ሥራ ስላላገኙ ተመራቂዎች መረጃ ፈልጌ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልናገርም፤ ብናገርም እናንተ እስክታነቡት ይቀየራል። ዘበኛው ደብዳቤዬን አየና «ወንድሜ፣ ይሄ መሥሪያ ቤት የለም» አለኝ።

«ጋሼ፣ በሩ ላይ ቆመን እኮ ነው።»

«በሩ አለ። ስሙ ነው የሌለው።»

ተመልሼ ደብዳቤው በአዲሱ ስም ተጻፈ። በሁለተኛው ቀን ጸሐፊዋ ተቀበለችኝ። አሠራራቸው ዲጂታል ሆኗል አሉ። ግድግዳው ላይም በትልቁ ተጽፏል። መረጃው ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ «ግን ሲስተም የለም» አለችኝ። መቼ እንደሚመጣ ስጠይቃት፣ ስለ ዘመድ እንደሚያወራ ሰው «አልደወለም» ብላ ሳቀች። ዲጂታል መታወቂያዬንም ፎቶ ኮፒ አስደርጌ እንድመጣ ነገረችኝ።

ኮፒ ቤቱ ጎን ታፔላ ሠሪ አለ። ገባሁ። ድሮ በብሩሽ የሚጽፉ ሁለት ሰዎች ነበሩት፤ አሁን ማሽን ፊደሉን በደቂቃ ይቆርጠዋል። ማሽኑ አጠገብ የቆመው ልጅ በኢኮኖሚክስ ዲግሪ አለው፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፏል። ሥራው ከተቆረጠው ፊደል ላይ ላስቲኩን መላጥ ነው።

ጀርባው ላይ አሮጌ ታፔላዎች ተደርድረዋል። «ለምን አትጥላቸውም?» አልኩት ባለቤቱን።

«እንዴ፣ ይመለሳሉ እኮ።»

አዲሱ ታፔላ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ጠየቅኩት።

«ቀለሙ አምስት ዓመት ዋስትና አለው» አለኝ። «ስሙን እንግዲህ እናንተ ናችሁ የምታውቁት።»