የዲ ኤን ኤ ምርመራ የዕፅን ፈዋሽነት አይለካም

በሐዋሳ ገበያ ስለሚሸጠው የጦስኝና የኮሶ ዱቄት በተነሳው ውይይት ብዙዎቻችሁ «በዲ ኤን ኤ የተመረመረ ዕፅ ፈዋሽነቱና ደኅንነቱ ተረጋግጧል» ብላችኋል። ከቅን ልቦና የመጣ ሐሳብ ቢሆንም ትክክል አይደለም።

ምርመራው የሚመልሰው ይህ ዕፅ የትኛው ዝርያ እንደሆነ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 አር ቢ ሲ ኤል እና ማት ኬ የተባሉ ሁለት የዘረመል ክፍሎችን ለየብስ ዕፅዋት መለያነት መርጠዋል። በዱቄት ውስጥ የተደባለቀ ባዕድ ቅጠልን ለማጋለጥ ይህ ትልቅ አቅም ነው፤ በእጅጉ አከብረዋለሁ። ነገር ግን በጦስኙ ውስጥ ቲሞል ወይም ካርቫክሮል የተባሉት የዘይቱ ዋና ንጥረ ነገሮች ምን ያህል እንዳሉ አይናገርም። መጠኑ እንደ አፈሩ፣ እንደ ከፍታው፣ እንደ አጨዳው ወቅትና እንደ አደራረቁ ይለያያል፤ የሚለካውም ንጥረ ነገሮችን ለያይቶ በሚያሳይ ጋዝ ክሮማቶግራፊ በተባለ የላቦራቶሪ ዘዴ ነው። በእንፋሎት ተጣርቶ በወጣ ዘይት ውስጥማ ዲ ኤን ኤ እምብዛም አይገኝም።

ስህተቱ የሚከፋው በኮሶ ላይ ነው። ትክክለኛው ኮሶ ራሱ ከመጠን ሲያልፍ ሰውን ይመርዛል፤ የዓይን ብርሃንንም ሊጎዳ ይችላል። የዝርያው እውነተኛነት ከዚህ አያድንም።

ለማጣራት ሻጩ የሚያሳያችሁን የምርመራ ወረቀት አንብቡ። የዝርያ ስም ብቻ ካለበት የማንነት ማረጋገጫ ነው፤ የንጥረ ነገሩን መጠን፣ የሻጋታና የተባይ ማጥፊያ ቅሪት ውጤትን ለብቻ ጠይቁ። ለሐዋሳ ቅርብ የሆነው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ስለሚሠራ፣ ጥያቄያችሁን ለባለሙያዎቹ ማቅረብ ትችላላችሁ።