መጀመሪያ ቁጠሩን

ትናንት ማታም ደረሰኝ። ቴሌግራም ላይ፣ የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ። «የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በነፍስ ወከፍ ገቢ» የሚል ባለ ቀለም ሰንጠረዥ። ከሥሩ ጭቅጭቁ ቀልጧል። አንዱ «ይኸው እዩት ጉዳችንን» ይላል። ሌላው «ውሸት ነው፣ ሆን ብለው ነው» ይላል። አጎቴ ሳይቀር ገብቶበታል።

የእኔ እንጀራ እነዚህን ቁጥሮች ማነጻጸር ነው። ገቢውን፣ ጤናውን፣ ደኑን፣ አገርን ከአገር እያስተያየሁ ሪፖርት እጽፋለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ጭቅጭቅ ሳነብ ግን «ለመሆኑ ያካፈሉት ለስንት ሰው ነው?» ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም። ነፍስ ወከፍ ማለት ለነፍስ ማካፈል ነው። ነፍሱን ማን ቆጠረው?

እኛ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠርነው በግንቦት 1999 ነው። ያኔ ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን። ከዚያ በፊት በ1976 እና በ1987 ተቆጥረናል። በቃ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ ቆጠራው በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የሚቀጥለው በ2010 ነበር። ተራዘመ። የቆጠራ ካርታ ሲሠራ፣ ታብሌት ሲገዛ ቆየ። በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በጸጥታው ምክንያት እንደገና አራዘሙት። ይኸው አሁን 2018 ላይ ነን።

ጎረቤቶቻችንን እዩ። እነዚህ ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው። ኬንያ በ2009 ቆጠረች፣ በ2019 ደገመች፣ 47.6 ሚሊዮን አገኘች። ሩዋንዳ በ2022 ቆጥራ 13.2 ሚሊዮን አለች። ታንዛኒያ በዚያው ዓመት 61.7 ሚሊዮን። ኡጋንዳ በ2024 ወደ 46 ሚሊዮን ገደማ። ቆጠራቸው እንከን የለበትም አልልም። ግን ቤት ለቤት ሄደው በር አንኳኩተዋል።

የእኛስ? የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ130 ሚሊዮን በላይ ያደርሰናል። የራሳችን የስታቲስቲክስ አገልግሎት ትንበያ ደግሞ 110 ሚሊዮን አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመላው የሩዋንዳ ሕዝብ ይበልጣል። አንድ ሙሉ አገር የሚያህል ሕዝብ አለ ወይም የለም! ይህ እንቅልፍ የማይነሳው ሰው እንዴት ይኖራል?

እስቲ በቀላሉ ላስረዳ። አንድን ገንዘብ ለ110 ሰው አካፍላችሁ ለእያንዳንዱ 120 ብር ደረሰው እንበል። ያንኑ ገንዘብ ለ132 ሰው ብታካፍሉት 100 ብር ነው የሚደርሰው። ማንም አልከሰረም፣ ማንም አልሰረቀም። የተቀየረው የሰዉ ቁጥር ብቻ ነው። በሰንጠረዡ ላይ ግን ከጎረቤት በታች ልንወርድ ወይም በላይ ልንወጣ እንችላለን። ሐኪም ለስንት ሰው፣ መብራት ለስንት ቤት፣ የካርቦን ጭስ በነፍስ ወከፍ፣ ሁሉም ከሥሩ ያው ያልተቆጠረ ሰው አለ።

ይህ የእኔ የኮምፒውተር ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛን ጠይቁ። ዓመታዊ ዕቅዷ የሚመጣው ከላይ ነው። የቀበሌው ሕዝብ በትንበያ ይህን ያህል ነው፣ ስለዚህ ከአንድ ዓመት በታች ይህን ያህል ሕፃን ይኖራል፣ ይህን ያህል ክትቢ ይባላል። እሷ እያንዳንዱን ቤት ታውቃለች። ዕቅዱ ግን አያውቅም። ለዚህ ነው አንዳንድ ወረዳ ላይ የክትባት ሽፋን ከመቶ በመቶ በላይ የሚመጣው። ከመቶ ሕፃን መቶ አሥር ተከተበ ማለት ምን ማለት ነው? ሕፃናቱ ከተገመተው በላይ ነበሩ ማለት ሊሆን ይችላል። ተፈናቃይ የገባበት ቀበሌ ደግሞ ሰዉ በዝቶ መድኃኒቱ በድሮው ልክ ይላካል። እናት ወረፋ ይዛ ውላ «አልቋል» ተብላ ትመለሳለች።

ሌላው የሚያንገበግበኝ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ባለፈው ወር ሦስት ሌሊት የፈጀብኝ ይኸው ነው። አንድ ባልደረባዬ የ2016 በጀት ዓመት ቁጥራችንን ከሌሎቹ አገሮች የ2016 ቁጥር ጎን ሰድሮታል። የእኛ 2016 እኮ በፈረንጅ 2023/24 ነው! ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተጎትተናል። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል፣ ሰኔ 30 ይወጣል። ጎረቤቱ ከጥር እስከ ታኅሣሥ የለካውን ከእኛ ጋር ስታስተያዩ ግማሹ ዓመት ይሳሳታል። ባልደረባዬን አልወቅሰውም። ፋይሉ ላይ «ዓ.ም.» የሚል አንድ ቃል የለም። ስንት ተማሪ ይሆን የመመረቂያ ጽሑፉን እንዲህ ባለ ፋይል የሠራው?

የብሩ ጉዳይ ግልጽ ነው፣ አልቆይበትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር ተሻገረ። በዶላር የተጻፈው ገቢያችንም አብሮ ወረደ። ያንን ብቻ አንስቶ «ተመልከቱ» ማለት ምን ይጠቅማል?

ደኑ ግን ሌላ ነው። እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው «የዛሬ መቶ ዓመት 40 በመቶ ደን ነበረን፣ አሁን 3 በመቶ ቀረን» የሚል ነው። ዛሬ የአገር አቀፍ ሰነዶችን ስትከፍቱ 15 በመቶ ገደማ ይላል። በፈረንጅ 2015 ላይ የደን ትርጉማችን ተቀይሯል። ከዚያ በፊት ዛፉ 5 ሜትር መድረስ ነበረበት፣ አሁን 2 ሜትር ይበቃዋል። የዘውድ ሽፋኑ፣ ማለትም የዛፎቹ ቅርንጫፍና ቅጠል ከላይ የሚሸፍነው የመሬት ድርሻ፣ ደግሞ ከ10 ወደ 20 በመቶ ከፍ ብሏል። ትርጉሙን የቀየሩት ባለሙያዎች ምክንያት ነበራቸው፣ ቆላ ያለው አጭሩ ዛፍ እንዲቆጠር ነው። እሱን እደግፋለሁ። የማልደግፈው በሁለት መለኪያ የተለካውን አንድ መስመር ላይ ቀጥሎ «ደናችን አደገ» ወይም «ጠፋ» ማለትን ነው።

መልካም ነገርም ስላለ ልናገር። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱን የሠሩ ልጆች ገደል ወጥተው ገደል ወርደው፣ እናቶችን አንድ በአንድ ጠይቀዋል። በፈረንጅ 2000 ላይ ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። በዚያው በፈረንጅ 2016 ይህ ወደ 67 ወርዷል። ይህን ቁጥር ሳይ ዛሬም ዓይኔ እንባ ያቀራል። ይህ የፈረንጅ 2016ቱ ጥናት እንኳ ቤቶቹን የመረጠው ከእኛው የ1999 ቆጠራ ቦታዎች ነው። ይህንኑ ጥናት በብዙ አገሮች በአንድ ዓይነት መጠይቅ ሲያስጠና የኖረው ፕሮግራም ደግሞ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም በእኛ 2017 ተቋረጠ። ከጎረቤት ጋር በእኩል ሚዛን የምንተያይበት ስንት ነገር ነበረንና?

የቆጠራው ዕለት ትዝ ይለኛል። አንድ ወጣት ትልቅ ወረቀት ይዞ በራችን ቆመ። እናቴ ቡና አቅርባለት ነበር፣ «ሌላ ቤት ይጠብቀኛል» ብሎ በቁሙ ጠጣ። ስማችንን በተራ ጠርታ አስቆጠረችን። እህቴ ያኔ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ልጁ የተወለደው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው፣ ቁመቱ ከእኔ በልጧል። እስከ ዛሬ በራችንን አንኳክቶ እሱን የቆጠረ የለም።