ካርታው ላይ ያለው ሾጣጣ የሃሪኬኑን ስፋት አያሳይም

አንድ ጽሑፍ የሃሪኬኑን (ከውቅያኖስ የሚነሳውን ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) የትንበያ መንገድ ካርታ አውጥቶ «ከሾጣጣው ውጭ ያላችሁ ተረጋጉ» ማለቱ አሳስቦኛል። ያ በካርታው ላይ እየሰፋ የሚሄደው ሾጣጣ ቅርጽ የሚያሳየው የአውሎ ነፋሱ መሃል በየት በኩል ሊያልፍ እንደሚችል ብቻ ነው። መሃሉ ራሱ እኮ ከሦስት አንዴ ገደማ ከሾጣጣው ይወጣል! እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ የመጣውን ሃሪኬን ሳንዲን አስታውሱ፤ መሃሉ መሬት የነካው ኒው ጀርሲ፣ ብሪጋንቲን አጠገብ ነው፣ ግን ነፋሱ ከዳር እስከ ዳር ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍን ስለነበር የባሕሩን ውሃ ገፍቶ ኒው ዮርክ ከተማ፣ ማንሃተን ድረስ አስገባው፣ የምድር ባቡር ዋሻዎች ሳይቀሩ ተጥለቀለቁ። ለሃሪኬን የሚሰጠውን ከ1 እስከ 5 ያለ ምድብም ብቻ አትዩ። ምድብ የነፋስ ፍጥነት ነው፣ ሳንዲ መሬት ሲነካ በፍጥነቱ ከምድብ 1 አያልፍም ነበር። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ ለሰፈራችሁ የሚወጣውን የጎርፍና የነፋስ ማስጠንቀቂያ ተከታተሉ፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆችም ደውላችሁ ንገሯቸው።