ከአቦል እስከ በረካ ያለው የአየር ርቀት

ጎረቤታችን እማማ ከኖርዌይ የተደወለላቸውን ስልክ ዘግተው ወደ ረከቦቱ ሲመለሱ ፊታቸው እንደ መስከረም ፀሐይ በርቶ ነበር። ልጃቸው ከትሮምሶ ወደ ሎንግየርብየን በሥራ ሊዛወር ነው። «በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከአርባ ብቻ ነው አለኝ፤ እዚህች ናት» አሉና አቦሉን ቀዱልን።

በወሎ «እዚህች ናት» የተባለን ቦታ በእግሩ የፈለገ ሰው ምን እንደሚገጥመው ጠንቅቀው የሚያውቁት ሀጂ ግን ሰዓቱን ትተው ኪሎ ሜትሩን ጠየቁ። የጂኦግራፊ መምህሩ ጎረቤታችን በስልኩ ካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች በቀጥተኛ መስመር አገናኝቶ ወደ 960 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ሲናገር ቤቱ ጸጥ አለ፤ ከደሴ አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና፣ የእማማ «እዚህች» አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ከተኬደ በኋላ ሌላ ስንቅ የሚያስቋጥር ነበረ። ሀጂ ግን ስሌቱን አልለቀቁም። አውሮፕላን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ይበራል ሲባል ሰምተዋል፤ ታዲያ የቀረው ጊዜ የት ገባ? መምህሩ ለመንደርደር፣ ከፍ ለማለትና ለመውረድ የሚጠፋውም አብሮ እንደሚቆጠር ቢያስረዳቸውም፣ እርሳቸው «መንገድ ላይ ሰው ይጭናል በለኛ» ብለው ደመደሙ።

ቶናው ሲቀዳ መምህሩ፣ ሎንግየርብየን በስቫልባርድ ደሴቶች ላይ 78ኛው ዲግሪ ሰሜን አካባቢ እንደምትገኝ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ድረስም ፀሐይ እንደማትወጣባት፣ ከከተማው ውጪም ነጭ ድብ እንደሚያሰጋ ጨመረ። (መምህር ቡና ላይ ሲጠራ አፉን በጀበናው ክዳን መድፈን ይሻላል።) እማማ የድቡን ነገር ሲሰሙ ስኒ የያዘው እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሀጂን ያሳሰባቸው ግን ልጁ ሰላቱን በምን እንደሚያውቀው ነበር።

ክርክሩ ወደ አገር ቤት የተመለሰው ከኮምቦልቻ በመጡት አማች ምክንያት ነው። እማማ ለልጃቸው ዳቦ ቆሎና በርበሬ የሚያደርስ መንገደኛ «ከደሴ አየር ማረፊያ» እንደሚነሳ ሲናገሩ፣ አማችየው ስኒያቸውን አስቀመጡ። አየር ማረፊያው ያለው ኮምቦልቻ ሆኖ ሳለ የሻንጣው ወረቀት ላይ ግን «ዲኤስኢ» ተብሎ የደሴ ስም መለጠፉ ዘወትር ያበሳጫቸዋል፤ «መሬቱ የእኛ፣ ጩኸቱ የእኛ፣ ስሙ የእናንተ!» አሉ። የደሴ ሰው ለመብረር ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ በዓለም ላይ ብርቅ መንገደኛ መሆኑን ማንም ሊክድ አልቻለም፤ በበኩሌ ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዝዞ የወረደ ሆድ ለአውሮፕላኑ ንውጥውጥታ ቀድሞ ስለሚለማመድ፣ ስሙ ይገባናል ባይ ነኝ።

በረካውን ጠጥተን እኔና አማችየው ጥቅሉን ይዘን ወደ መናኸሪያ ሄድን። ሁለቱ ከተሞች በአየር ቢለኩ ከ15 ኪሎ ሜትር አይበልጡም፤ አውሮፕላን ቢሆን ሽቅብ ሳይል ቁልቁል በጀመረ ነበር። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ሲጣራ እኛ ገባን፤ ከእኛ በኋላ ሌሎች አራት ሰዎች ቢገቡም የቀረው ሰው ያው አንድ ነበር። ሞተሩ ገና ሳይነሳ የአማችየው ስልክ ጮኸ፤ ባለቤታቸው የት እንደደረሱ እየጠየቁ ነው። አማችየው በመስኮቱ የጦሳን ተራራ አሻቅበው እያዩ፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ፣ «ደርሰናል፤ ምሳ አቅርቢ» አሏቸው።