ስለ ማቀዝቀዣው በር ጎማ ማን ይንገረን?

አዲስ ማቀዝቀዣ ሊገዛ የሄደ ሰው ስለ በሩ ውበትና ስለ ውስጥ መብራቱ ድምቀት ብዙ ይነገረዋል፤ በሩን ገጥሞ የሚይዘው ጎማ ሲላላ ለብቻው ተገዝቶ ይቀየር እንደሆነ ሲጠይቅ ግን የሚመልስለት አያገኝም። እኔን እጅግ የሚያበሳጨኝ ይኸው ነው። ጎማው ከላላ ቅዝቃዜው ያመልጣል፣ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ የመብራት ሂሳቡም ይጨምራል፤ ያ ሁሉ ጣጣ ደግሞ አንድ ጎማ በመቀየር ብቻ የሚቀር ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምራቾች ይህንኑ ጎማ ሞዴሉ ለገበያ መቅረቡ ካበቃ በኋላም ቢያንስ ለ10 ዓመት እንዲያቀርቡ ማስገደዱ፣ ነገሩ ፈቃደኝነት እንጂ አቅም እንዳልጎደለው ያሳያል። በዓመት የሚፈጀው ኪሎዋት ሰዓት በደቃቅ ፊደል ከጀርባው ተለጥፎ፣ የመለዋወጫው ነገር ጭራሹን ሳይነሳ፣ ገዢ በምን አውቆ ይምረጥ?