ይድረስ ለሦስተኛው ፕሮፎርማ፣ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ጅማ ያለነው፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ከማለቱ በቀር፣ ደህና ነን። ወንድሞችዎ አንደኛውና ሁለተኛው ፕሮፎርማ በሰላም ደርሰው ፋይል ውስጥ ጋደም ብለዋል። ከሦስት አቅራቢ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ካልተሟላ ዕቃ አይገዛምና፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ግዥ ክፍል ብቅ ባልኩ ቁጥር ወሬው ሁሉ የእርስዎ ነው።

«ሦስተኛው መጣ እንዴ?»

«ኧረ አልመጣም ዶክተር። ሲመጣ እንደውልልዎታለን።»

እኔን ላያውቁኝ ይችላሉ። እዚሁ ከተማ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰብል በሽታ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም። ምን ያደርጋል? እርስዎ ያልጠፉበት መሥሪያ ቤት የለም።

በመጀመሪያ ገንዘብ የለም ብዬ እንደማልዋሽ ይወቁልኝ። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ምርምር ይጠናከር ተብሎ ገንዘብ ይፈቀዳል። ደብዳቤው ይመጣል፣ እናጨበጭባለን፣ ፎቶ እንነሳለን። ገንዘቡ ብዙ ነው ማለቴ እንኳን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 1.5 በመቶ ለዘርፉ ይመደብ ይላል። ዩኔስኮ ለ2017 የመዘገበው የምርምር ወጪ ግን 0.27 በመቶ ነው። ከዚያች ላይ አዲስ አበባ ድርሻዋን ካነሳች በኋላ የተረፈችው ናት እንግዲህ ጊቤን ተሻግራ ወደኛ የምትመጣው። ትምጣ ብቻ። ትመጣለችም። ችግሩ ከመጣች በኋላ ከእርስዎ ጋር መተዋወቋ ነው።

አመጣጥዎን አልረሳሁም። የተቀጠሩት ሌባ እንዲይዙ ነው። ዋጋ ይወዳደር፣ የመንግሥት ገንዘብ አይዘረፍ ተብሎ ነው። ማን ይጠላል? ግን እስቲ በሞቴ፣ ሌባው መቼ እርስዎን ተቸግሮ ያውቃል? ሌባው ሦስት ማህተም አለው። የአንዱ ማህተም የራሱ፣ የአንዱ የሚስቱ፣ የአንዱ የአማቹ ነው። አንድ ጊዜ ለሌላ ክፍል የመጡ ሦስት ፕሮፎርማዎች በአጋጣሚ አይቻለሁ። ሦስት ድርጅት፣ ሦስት አድራሻ፣ ሦስት ፊርማ። ሦስቱም ላይ «ሴንትሪፊውጅ» የሚለው ቃል «ሴንትፊሪውጅ» ተብሎ ተጽፏል። በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት ስህተት። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ አወዳድሮ፣ ቃለ ጉባኤ ፈርሞ አሳለፈው። ለሌባው በአንድ ጀንበር የሚደርሱት እርስዎ ለእኛ ሲሆን መንፈቅ የሚጠፉት ምን በድለንዎ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። እርስዎን የወለደው ደንብ አቅራቢዎች ሁሉ ከቢሮው ፊት ለፊት ተደርድረው ያሉ ይመስለዋል። ለወንበር ከሆነ ልክ ነው። ሂርማታ ገበያ ቢወጡ ማር ይገኛል፣ ቡና ይገኛል፣ የጅማ በርጩማ በዓይነት በዓይነቱ ይገኛል። የፒፔት ቲፕ፣ ማለትም ፈሳሽ መቅጃው መሣሪያ ጫፍ ላይ የሚሰካው ፕላስቲክ፣ ግን አይገኝም። ቲፕ የሚሸጠው አዲስ አበባ ነው፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ። ስለዚህ እንደውላለን።

«ሄሎ፣ ከጅማ ነው። ፕሮፎርማ እንዲልኩልን ጠይቀን ነበር…»

«ልትገዙ ነው ወይስ ለፕሮፎርማ ብቻ ነው?»

ይህ ጥያቄ ሁሌም አፌን ያስይዘኛል። ለፕሮፎርማ ነው ካልኩ ስልኩ ይዘጋል። ልንገዛ ነው ካልኩ ደግሞ እዋሻለሁ፤ ማን እንደሚያሸንፍ በምን አውቄ? አንዳንዱ ደግ ነው፣ በቴሌግራም እልካለሁ ይላል። ግዥ ክፍል ደግሞ በቴሌግራም አይቀበልም። ኦርጅናሉ፣ ማህተም ያረፈበት፣ በፖስታ የታሸገ ካልሆነ እርስዎ እርስዎ አይደሉም። ስለዚህ ሰው በአበል አዲስ አበባ ይላካል። የሰውየው አበልና ትራንስፖርት ሲደመር ከቲፑ ዋጋ ይበልጣል። ለአበሉ ግን ፕሮፎርማ አልተጠየቀም። ይህን ስጽፍ እንኳን ሳቄ መጣ።

በለስ ቀንቶን ሦስታችሁም ተሟልታችሁ የመጣችሁበት ጊዜ ነበር። ያኔ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። በስፔሲፊኬሽኑ ላይ የፋብሪካ ስም መጥራት ክልክል ነው፤ «ውድድር ይገድባል»። ስለዚህ «የፒፔት ቲፕ፣ 200 ማይክሮሊትር፣ ጥራቱን የጠበቀ» ብለን ጻፍን። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል እንዲሉ፣ ርካሹ አሸነፈ። ዕቃው መጣ፣ በሞዴል 19 ገባ፣ በሞዴል 22 ወጣ፣ ሁሉም ሰው ፈረመ። ቤተ ሙከራ ወስጄ ፒፔቱ ላይ ሰካሁት። ተሰካ። ናሙናውን ስቤ ሳነሳው ቲፑ ሾልኮ ወደቀ፣ ናሙናውም አብሮ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ጫን ብዬ ሰካሁት፤ ደግሞ ወደቀ። አሁን አንድ ልጅ ቲፑን በጣቱ ደግፎ ይይዝልኛል። ሁለተኛ ዲግሪ አለው ልጁ። መጋዘን ውስጥ ያለው ቲፕ ሳያልቅ ደግሞ ሌላ መግዛት አይቻልም።

ኢንዛይሙን አላወራልዎም። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ዕቃ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ በቀለጠ በረዶ ውስጥ እየዋኘ ነው የገባው። ደረሰኙ ግን ደረቅ ነበር።

እና አናጺው! ናሙና የምንደረድርበት የእንጨት መደርደሪያ አስፈልጎን ነበር። የጅማን እንጨት ሠሪ መቼም አገር ያውቀዋል። አንድ የማውቀው አናጺ ዓይቶት «ይቺማ የሁለት ቀን ሥራ ናት» አለ። ዋጋውም ምንም አልነበረም። ቫት አለህ? የለኝም። የአቅራቢዎች ዝርዝር ውስጥ አለህ? ምንድነው እሱ? በቃ፣ ቀረ። ናሙናችን አሁንም የሚደረደረው ባዶ የእንቁላል ካርቶን ላይ ነው።

ታሪክ ላስታውስዎ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ታየ። አረንጓዴውን ፍሬ እዛፉ ላይ እያጠቆረ የሚያረግፍ ሻጋታ ነው። በ1973 እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ መልኮ ባለው የምርምር ጣቢያ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን የመምረጥ ሥራ ተጀመረ። 74110፣ 74112፣ 74158 ሲባል ሳይሰሙ አይቀሩም። ገበሬው ዛሬም በቁጥራቸው ይጠራቸዋል። 74 የምትለዋ የተመረጡበት ዓመት ናት፣ 1974። በሽታው ከታየ ገና በሦስተኛ ዓመቱ ማለት ነው። እነዚያን ዛፎች ለማግኘት ከማሳ ማሳ፣ ከጫካ ጫካ ነው የተዞረው። «ከሦስት ጫካ ዋጋ አምጡ» ያላቸው ሰው የነበረ አይመስለኝም።

እርስዎ ብቻዎን ቢሆኑ እንኳን እንችልዎ ነበር። የከፋው ከሰኔ ጋር መግጠምዎ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። የሻጋታ ዓመት ደግሞ ክረምት ነው። ዝናቡ ሲጠና፣ ሻጋታው ሲነቃ፣ እኛ መሥራት ያለብን ሰዓት ላይ፣ ፋይናንስ ሂሳብ ይዘጋል። ሐምሌ ላይ አዲስ በጀት ጸደቀ ይባላል። ገንዘቡ ታች እስኪወርድ መስከረም ይጠባል። እርስዎን ስንፈልግ ጥቅምትና ኅዳር ያልፋሉ። ያኔ ቡናው ተለቅሞ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ሻጋታውም የልቡን አድርሶ ሄዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ቀጣዩን ክረምት እንጠብቅ ብንል ደግሞ፣ ክረምቱ ሲገባ በጀቱ ይወጣል። ይህን የቀን መቁጠሪያ ያወጣው ሰው ከሻጋታው ጋር ዝምድና እንዳለው ብዙ ጊዜ እጠረጥራለሁ።

በዚህ መሐል እርስዎ ዕድሜዎ 15 ቀን ነው። «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ15 ቀናት ብቻ ነው» ይላል ግርጌዎ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ፋይል ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ወንድሞችዎ በአንድ ሌሊት ሞቱብን። እንደገና «ሀ» ብለን ጀመርን።

ሰኔ ሲጋመስ ደግሞ ግርግሩን ቢያዩት! ሰኔና ሰኞ ገጠመ። «ገንዘቡ ተመላሽ ሊሆን ነው፣ የሚገዛ ነገር አምጡ!» ይባላል። ምን ይገዛል? በፍጥነት የሚገዛ ነገር ነዋ። ወረቀትና ቶነር። መጋረጃ። ለግቢው የአበባ ማሰሮ። የምርምር አቅማችን በካርቶን ተጭኖ ይገባል። የተረፈው ወደ መጣበት ይመለሳል። ከዚያ የዓመቱ ሪፖርት ይጻፋል፦ «የበጀት አጠቃቀም ዝቅተኛ መሆን፤ ምክንያት፣ የአቅም ማነስ።» በሪፖርቱ መሠረትም የሚቀጥለው ዓመት በጀት ይቀነሳል። ያልበሉት ዕዳ ማለት ነው። እርስዎ ጠፍተው የተከሰስነው እኛ ነን።

መፍትሔም አልታጣለት። አቅማችን እንዲገነባ የግዥ ሥርዓት ሥልጠና ተዘጋጀልን፣ ሆቴል ውስጥ። ለምሳው ሦስት ፕሮፎርማ በአንድ ቀን ተሟልቷል። ክትፎው ጥሩ ነበር።

ይህ በእኛ ብቻ አይደለም የሚሉ አሉ። አሜሪካኖች እንኳን የምርምር ገንዘብ ጥቂት ግዛቶች ላይ እየተከማቸ አስቸግሯቸው እ.ኤ.አ. በ1979 ኤፕስኮር የሚባል መርሃ ግብር ጀምረዋል። እንደ ሞንታናና ዌስት ቨርጂንያ ላሉ ገንዘቡ ለማይደርሳቸው ግዛቶች ነው። በ2022 ያወጡት ሕግ ደግሞ ከብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽናቸው ገንዘብ የእነዚያ ድርሻ ቀስ በቀስ አድጎ በ2029 20 በመቶ እንዲደርስ ያዝዛል። ድርሻ በሕግ መቁረጥ ደስ ይላል፣ ለእኛም ይምጣ። እኛ ዘንድ ግን እርስዎ በሩ ላይ እስከቆሙ ድረስ ሃያም ቢመጣ ሠላሳ፣ ሰኔ ላይ ተመልሶ ይሄዳል። ይህ ደግሞ የጅማ ጣጣ ብቻ አይደለም። ጅማ እኮ ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ያለባት ከተማ ናት፤ ቢያንስ የሚጮህላት አላት። ቦንጋ፣ ሚዛን፣ መቱ ያሉ ባልደረቦቼ እርስዎን ከእኔም ርቀው ነው የሚጠብቁት። የቡናው ጫካ ያለው እነሱ ደጅ ነው፤ ቲፑ የሚሸጠው አዲስ አበባ ነው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ለወንበር፣ ለመጋረጃና ለመኪና ጎማ ይምጡ፤ ቀይ ምንጣፍ እናነጥፋለን። ለቤተ ሙከራ ዕቃ ግን ይተዉን። ወረቀትና ቶነር በማዕቀፍ ግዥ አንዴ ተጫርቶ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ሁሉም መሥሪያ ቤት በዚያው ይገዛል። ሪኤጀንት የሚባለው የቤተ ሙከራ ኬሚካልስ ምን በደለ? ለክልል የሚመጣውም የምርምር ገንዘብ ሰኔ 30 ይሙት የሚል ከሰማይ የወረደ ትእዛዝ የለም። ሁለት ክረምት ይሰጠው። ሻጋታው አንዱን ክረምት ቢያመልጠን በሁለተኛው እንይዘዋለን። አናጺውንም ቫት የለህም ብላችሁ አትመልሱት፤ መደርደሪያ ነው የሚሠራው፣ ግድብ አይደለም።

ምላሽዎን በጽሑፍ፣ ማህተም አድርገው እንዲልኩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በቴሌግራም ግን አይሆንም።

ከሰላምታ ጋር
ጠባቂዎ፣ ከጅማ

ግልባጭ፦
ለአንደኛው ፕሮፎርማ
ለሁለተኛው ፕሮፎርማ
ፋይል ውስጥ

ማሳሰቢያ፦ ካልመለሱልኝ በየሳምንቱ እጽፍልዎታለሁ። ወረቀት እንደሁ፣ ባለፈው ሰኔ የተገዛው ገና ተነክቶም አያውቅ።