የባሕር ኮከብና እንዶድ

ባለፈው በጋ ልጄን ይዤ አልካይ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ወረድኩ። ለሲያትል ሐበሻ አልካይ የሰርግ ፎቶ መነሻ ነው። እኔም ስንት ዓመት ስኖር ባሕሩን ያየሁት ከሙሽራ ጀርባ ነው። ያን ቀን ውሃው ሸሽቶ ድንጋዩ ተገልጧል። የባሕር ኮከብ የሚባሉት፣ የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ወይን ጠጅና ብርቱካንማ እንስሳት እንደ እርጥብ ጓንት ተለጥፈውበታል። ልጄ አንዱን ልትነቅል ስትል አንዲት አሮጊት በጎ ፈቃደኛ «ተይው፣ እሱ ከሄደ ሰፈሩ ይፈርሳል» አሏት። ከዚያ የሮበርት ፔይንን ታሪክ ነገሩን።

ፔይን የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። በ1963 (እ.ኤ.አ.) ማካው ቤይ የሚባል የውቅያኖስ ዳርቻ ሄደው 8 ሜትር በ2 ሜትር የሚሆን ቋጥኝ መረጡ። የባሕር ኮከቡን እየፈነቀሉ ወደ ውሃው መወርወር ጀመሩ። ሥራቸው ይኸው ነው። የሀገሬ ሰው ቢያያቸው ጠበል ይወስዳቸው ነበር። አጠገቡ ያለውን ቋጥኝ ግን ለማነጻጸሪያ ሳይነኩ ተዉት። የባሕር ኮከቡ የሚበላው በድንጋዩ ላይ የሚጣበቅ ጥቁር ባለ ዛጎል ፍጡር ነው። በሊታው ሲጠፋ ባለ ዛጎሉ ቦታውን ወርሶ ሌላውን አስወጣ። 15 የነበረው ዝርያ 8 ቀረ። ይህን በ1966 አሳተሙ። በ1969 ደግሞ እንዲህ ላለው ፍጡር «ቁልፍ ዝርያ» የሚል ስም አወጡለት። ነገሩ ከግንበኞች የተወሰደ ነው፤ የቅስቱ አናት ላይ ያለችው ድንጋይ ከወጣች ቅስቱ ይናዳል።

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰውየው የአካባቢው ነባር ባለቤት የሆነው የማካ ሕዝብ ፈቅዶላቸው ታቱሽ ደሴት ላይ ለአሥርት ዓመታት ተመላለሱ። ያው ድንጋይ፣ ያው ባለ ዛጎል። ካልሠሩበት በተማሪዎቻቸው ጽሑፍ ላይ ስማቸውን አያስገቡም ነበር። እሳቸው ዘንድ ማስተርሳቸውን የሠሩት ጄን ሉብቼንኮ ከ2009 እስከ 2013 የአሜሪካን የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር መርተዋል። ፔይን በ2016 ሲያርፉ ተማሪዎቻቸው፣ የተማሪዎቻቸውም ተማሪዎች በየባሕሩ ዳርቻ ነበሩ።

እኔ ሀገር ቤት ባዮሎጂ ስማር የመመረቂያ ሥራዬ ላይ አንድም ቀን መስክ ያልወጣ ሰው ስም ገብቶበታል። «ወጉ ነው» ተባልኩ። እዚህም እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ዶክትሬት የሚሠሩ ጓደኞቼ ይነግሩኛል፤ ፈረንጅ ሁሉ ፔይን አይደለም።

ደግሞ ዓይን አጥተን አይደለም። ፔይን ማካው ቤይ በወረዱ በዓመቱ፣ በ1964፣ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያ ሊያጠኑ ዓድዋ ወንዝ ዳር ነበሩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ያው ነው እኮ፤ ጎንበስ ብሎ ማየት። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። እንዶድን ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ ለማዋል አዲስ አበባ ላይ የተሠራው ምርመራ ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች አልበቃ ብሎ፣ እንዶድ አደገኛ አለመሆኑን ውጭ ሀገር እንደገና መፈተሽ ግድ ሆነ። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ሲያገኙ 1989 ደርሶ ነበር። 25 ዓመት! ፔይን ሲያሳትሙ «ሌላ ሀገር ሄደህ ድገመው» ያላቸው የለም። እኛ ደግሞ የራሳችንን ሰው ውጭ ሲሸለም ነው የምናውቀው። እኔ ራሴ የዶክተር አክሊሉን ስም መጀመሪያ የሰማሁት እዚሁ፣ ከአንድ ፈረንጅ አስተማሪ አፍ ነው። አፍሬ ዝም አልኩ።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ድሮ ጋቢ የምታጥብበት ድንጋይ፣ አረፋው ከክንዷ ላይ ሲንጠባጠብ ትዝ ብሎኝ፣ «እማ፣ እንዶድ አሁንም አለ?» አልኳት። «ዛሬ ማን ይወቅጣል ልጄ፣ ኦሞ እያለ» አለችኝ።

ልጄ ከጎኔ ሆና ትሰማለች። «ቀንድ አውጣዎቹስ?» አለች።